መሪውን የረሳ እጅ

ይህን የምትጽፈው ታላቅ እህትህ ናት። እኔ አባትህ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፤ ከአፌ የወጣውን እንዳለ እንድታሰፍረው አስምዬያታለሁ። በስልክ ስናገር ታቋርጠኛለህ፤ ደብዳቤ ግን አይቋረጥም።

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እንቅልፍ ይወስድሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣ ቢለኝም አፌ ገና አልደከመም።

የነገርከኝን ነገር ሳብሰለስል ሰነበትኩ። እንደገባኝ ልድገመው። አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው መሣሪያ፣ አንዱ ክንፍ በረዶ ይዞ ሲከብድ ዝም ብሎ ወደ ሌላው ጎን እየጎተተ ያዘው። ለአንተ ምንም አልተነፈሰም። ሲያቅተው ደወሉን አንባርቆ መሪውን ለቀቀልህ፤ እጅህ እስኪነቃ አውሮፕላኑ በጎኑ ተኛ። አንዲት አስተናጋጅ ክንዷ ተሰበረ። አሁን አለቆችህ «እጄ ዘገየ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው በልና ወደ ሥራህ ተመለስ» አሉህ። አንተም በወሩ መጨረሻ ፊታቸው ቀርበህ እንዲሁ ልትል ነው።

እኔ ዕድሜዬን ከባድ መኪና ላይ ጨረስኩ። ጭነት ሲያጋድል መጀመሪያ የሚያውቀው መዳፌ ነበር፤ መሪው ይነግረኛል። ማጋደሉን ደብቆኝ ቁልቁለት ላይ «እንካ ያዝ» የሚለኝ ረዳት ቢገጥመኝ በጥፊ ብዬ መንገድ ላይ አወርደው ነበር። እናንተ ግን ረዳቱን ሾማችሁ፣ ሾፌሩን ረዳት አደረጋችሁት።

ባለፈው ስትመጣ መኪናዬን ሰጥቼህ ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ መሪውን በሁለት ጣት ይዘህ ዓይንህ ቆጣሪው ላይ ነበር። መኪናዋ ወደ ገደሉ ስትስብ የነቃሁት እኔ ነኝ። ስቆጣህ «አባዬ፣ የእጅ ዘመን አለፈ» ብለህ ሳቅክ። ይኸው አለፈልህ።

ድርጅቱ «መሪውን አትንኩ፣ መሣሪያው ከእናንተ ይሻላል» እያለ እጅህን አደነዘዘው፤ ዛሬ ደግሞ እጅህን ይከሳል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። አንተንም አልምርህም፤ ወንበሩ ተመቸህና ዝም አልክ። አሁን ስትቀርብ «ዘግይቻለሁ፤ ያዘገያችሁኝ ግን እናንተ ናችሁ። ሰማዩ ጥርት ባለ ጊዜ በእጄ ልብረር፣ እጄን መልሱልኝ» በላቸው። ካባረሩህ ና፣ አልጋህ እንደተነጠፈ ነው። ብቻ በዚያ እጅ ሰው ጭነህ እንዳትነሳ።

ክንዷ የተሰበረችውን ልጅ ሄደህ ጠይቃት። ባለቤትህን እግዜር ያበርታሽ በልልኝ። ትልቁን ልጅህን፣ ያችንም ነገረኛ ትንሿን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። እናትህ ናፍቆቷን ትልካለች፤ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልነገርኳትም።

ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ካለው ቤት፣ መጋቢት አጋማሽ፣ ሐሙስ ከሰዓት።

በይ ልጄ፣ አንብቢልኝ። ስድቡን ቀንሰሽ ከሆነ መልሺው፤ አልጋህ እንደተነጠፈ ነው ያልኩትን ግን ረጋ ብለሽ አንብቢ።