ሞተር ማስነሳት ክልክል ለሆነበት የሞተር ጋራዥ ኃላፊ

ለተከበሩ የጀልባ ሞተር ምርመራና ጥገና ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት፣ ማለትም ከወንበርዎ ላይ።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከረሙ? ነጩ ሸሚዝዎስ እንደምን ከረመ? ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንምና ለጤናዎ ስጸልይ ሰነበትኩ ብዬ አልዋሽዎትም። ይህን ደብዳቤ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ ግን ሙሉ ጤና እንዲሰጥዎ ከልቤ እመኛለሁ፤ ዛሬ ታመው ቢቀሩብኝ ደስታዬ ይጎድላል።

እኔ ሰማያዊዋን ጀልባ የምነዳው ሴት ነኝ። ቢዘነጉኝ አልቀየምም። ሰው የማመላለስ ፈቃዴን ነጥቀው ጀልባዬን እንደ ተዋጊ በሬ ከግንድ ጋር ካሰሩብኝ ወዲህ ከወደቡ ዳር ቁጭ ብዬ ውሃውን አያለሁ። ቤተሰቤ የሚተዳደረው በዚያች ጀልባ ገቢ ነው፤ ፈቃዴን እንዲመልሱልኝ ነው የምጽፈው፤ ከመመለስዎ በፊት ግን ላመስግንዎት።

፩ኛ. በጋራዡ በር ላይ «ሞተር ማስነሳት በጥብቅ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ስለለጠፉ አመሰግናለሁ። ዳቦ ቤት ከፍቶ እሳት የከለከለ ሰው እስካሁን አላየሁም። ምክንያቱ ግን ይገባኛል፤ መመርመሪያው ጠረጴዛ ከቢሮዎ መስኮት ሥር ነው፣ ጭሱ ደግሞ ሸሚዝ አያከብርም። ችግሩ፣ ኦክስጅን ሴንሰር የሚሉት ያ የጣት ቁመት ያለው ዕቃ ጭስ ማውጫው ላይ ተሰክቶ ጭሱን እያሸተተ ቤንዚን በዛ፣ አነሰ ብሎ ለሞተሩ የሚናገረው ሲግል ብቻ መሆኑ ነው። ሞተሩ ካልሞቀ ትንፍሽ አይልም። ይህን ከኪሴ አላወጣሁትም፤ «መጀመሪያ ሞተሩን ያሙቁ፣ ከዚያ ይለኩ» የሚለው ሥዕላዊ መመሪያ እርስዎ ኮትዎን ከሚሰቅሉበት ምስማር ሥር ተለጥፏል። እርስዎ ግን በረዶ የመሰለውን ሞተር በቴስተር መለኪያ ነካ ያደርጉና ንባቡ አልንቀሳቀስ ሲል «ሞቷል፣ ይቀየር» ይላሉ። በዚህ ወደብ ከእጅዎ በሕይወት የተረፈ ሴንሰር አልሰማንም።

፪ኛ. ጤነኛውን ሴንሰሬን ነቅለው አዲስ ስላስገቡልኝም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሴንሰሩን ሽቦ በማሰሪያው መያዝ ሲገባዎ፣ የምሳ ሰዓት ደርሶብዎት ነው መሰለኝ፣ ከጭስ ማውጫው ላይ ጣል አድርገውት ሄዱ። ሽቦው ቀለጠ። ሞተሩ ልኩን የሚነግረው ሲያጣ ቤንዚኑን ይጋተው ጀመር፤ እሳት የሚጭሩት ካንዴላዎች ጥቀርሻ ለበሱ። ይህን ሁሉ ያወቅነው ኋላ ሲፈታ ነው። ያን ቀን እኔ የማውቀው ልጄን ምጥ እንደያዛትና ከማዶ ወዳለው ጤና ጣቢያ ማድረስ እንዳለብኝ ብቻ ነበር። ሐይቁ መሐል ስንደርስ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ተፋና ቀጥ አለ። ቁልፉን ባዞር፣ ባዞር፣ ወይ ፍንክች! አማቼ መቅዘፊያውን ያዘ፣ እህቴ ከወለሉ ላይ የደህንነት ጃኬቶቹን አነጠፈች፣ እኔ የልጄን እጅ ይዤ የእርስዎን ስም እጠራ ነበር። ከስምዎ ጋር ምን ምን እንደጨመርኩ በጽሑፍ አይወጣም። የልጅ ልጄ እዚያው ውሃ ላይ ተወለደች። እናትም ልጅም ተርፈዋል፤ እርስዎን ግን አላመሰግንም፣ ይህ የእርስዎ ሥራ አይደለም።

፫ኛ. ከሁሉ የሚበልጠው ውለታዎ ከዚህ በኋላ መጣ። ማዶ እንደደረስን የተሳፋሪ መዝገቡ ተገላበጠና አራት ሆነን ተነስተን አምስት ሆነን መድረሳችን ተደረሰበት። ትርፍ ሰው ጭነሻል፣ አምስተኛዋም ጃኬት አልለበሰችም ተብዬ በእርስዎ ማኅተም ፈቃዴን ተነጠቅሁ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ሲባል እሰማ ነበር፤ ጅራፍ ማኅተም ይዞ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የወደቡ ሰውም ሕፃኗን «ትርፌ» እያለ ይጠራት ጀምሯል፤ ስም አውጪነትዎን እንዳይክዱ ብዬ ነው የምነግርዎት።

አንጀቴ አርሯል፣ ክቡርነትዎ። ትተሽው እለፊ የሚሉኝ አሉ፤ አልተውም። ነገር ግን ሕግ አክባሪ ሴት ስለሆንኩ ብድሬን የምመልሰው በራስዎ ሕግ ነው። ቤትዎ ከሐይቁ ማዶ መሆኑን፣ ጠዋት መጥተው ማታ የሚመለሱትም በእኛው ጀልባዎች መሆኑን ባለጀልባዎቹ ሁሉ አስታወስን። ተሰብስበንም በአንድ ድምፅ ወሰንን፤ ከሰኞ ጀምሮ እርስዎ በተሳፈሩበት ጀልባ ላይ ሞተር ማስነሳት በጥብቅ ክልክል ነው። ማስታወቂያዎን አስገልብጠን በየጀልባው ለጥፈናል። ይህ ክልከላ የሚነሳው ሞተሬን በሕዝብ ፊት አስነስተው፣ አሙቀው፣ ጭሱ መሐል ቆመው ሴንሰሩን ሲለኩና ፈቃዴን በገዛ እጅዎ ሲመልሱልኝ ነው። አስታራቂ ቢልኩ፣ እሱንም ቀዝፎ ይምጣ።

ከማይበርድ አክብሮትና ከማይበርድ ንዴት ጋር፣
የትርፌ አያት፣ የታሰረችው ሰማያዊ ጀልባ ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ መቅዘፊያው ከመቀመጫዎ ሥር ነው። ቀዛፊ አንመድብልዎትም፤ እንኳን ለእርስዎ ለምጥ ላይ ላለች ሴትም አልተመደበም። መሐል ላይ ክንድዎ ቢዝል ልጄ የወለደችው እዚያው አካባቢ ነውና፣ መቅዘፊያውን አስቀምጠው ትንሽ ይጩኹ። ማንም እንደማይሰማ ያዩታል። ከዚያ ይቅዘፉ።