ከአውቶቡስ ቀና ብለው የወረዱት እህታችን

ወይዘሪት ገበያነሽ ሽብሩ ከአባታቸው ከአቶ ሽብሩ በራሶ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልጣሽ ዳካ በይርጋጨፌ ወረዳ፣ ዱመርሶ ቀበሌ ጥር 12 ቀን 1965 ዓ.ም. ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በይርጋጨፌ፣ ሁለተኛ ደረጃን በዲላ ተከታትለው በ1984 ዓ.ም. ዲላ በሚገኝ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኑ። በዚያው ሥራ ሠላሳ ሦስት ዓመት አገልግለዋል።

ጀርባቸው መጉበጥ የጀመረው በአሥራ አራት ዓመታቸው ነበር። ቤተሰቡ ውኃ መሸከም ነው የጎዳቸው ብሎ እንስራውን አስተዋቸው እንጂ ሐኪም ዘንድ አልወሰዳቸውም። ለትዳር የጠየቃቸው አልነበረም፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። በቤተ ክርስቲያን ምእመናን ለመዝሙር ሲነሡ እሳቸው ከሁሉም ኋላ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር።

ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ሕመሙ ሲጠናባቸው በወገብ መደገፊያ ቀበቶ፣ በማስታገሻና በፊዚዮቴራፒ ስድስት ዓመት ታከሙ። ሕመሙ ቢታገሥላቸውም ጉብጠቱ አልተቃናም፤ እግራቸውም ይደነዝዝ ጀመር። አዲስ አበባ ያዩአቸው ሐኪም አከርካሪያቸው በቀዶ ሕክምና፣ በብረት ተደግፎ ሊቃና እንደሚችል፣ ሽባ የመሆን ስጋትም እንዳለው ነገሯቸው። ይህን ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው አማኑ ይቅርብሽ አላቸው። እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ ሰው ፊት መቆም እፈልጋለሁ ብለው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ብቻቸውን ሄዱ። አማኑ የቡና ለቀማ ደርሶብኛል ብሎ ቀረ። እውነቱ ግን ፈርቶ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት የፈጀው ቀዶ ሕክምና ተሳክቶ በመጋቢት ተመለሱ። አማኑ ዲላ መናኸሪያ ሊቀበላቸው ሄዶ ከተሳፋሪዎቹ መካከል የጎበጠች ሴት ሲፈልግ ሁለት ጊዜ በአጠገባቸው አለፈ። እሳቸው ሻንጣቸውን ይዘው ቆመው ያዩት ነበር። አልመጡም ብሎ ሲመለስ በባጃጅ ቀድመውት ቤት ገብተው አገኛቸው። ለምን እንዳልጠሩት ቢጠይቃቸው እስክታውቀኝ ልጠብቅ ብዬ ነው አሉት። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንሥተው አያውቁም።

ስድስት ዓመት ተኩል ቀና ብለው ኖሩ። በገበያ የድሮ ሰዎች ሳያውቋቸው ያልፏቸው ነበር። በቤተ ክርስቲያን ለመዝሙር መቆም ጀመሩ፤ የኋላ ወንበራቸውን ግን አልቀየሩም።

ባደረባቸው የጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ወንድማቸውን አማኑን እና የወንድማቸውን ልጆች መሰረትንና ትንሳኤን ትተው ሄደዋል።

የፈጠራቸው ጌታ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያኑር። ሙታን በሚነሡበት ቀን ወንድማቸው የጎበጠች ሴት አይፈልግም። ከሩቅ ዐውቆ፣ እትዬ ብሎ ይጠራቸዋል።