ያልተጠራች ምስክር

ብቸና፣ ሰኔ ፪ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምዓለም ለደምለው፤ ሞጣ፣ አክስታችን ወለተ ኢየሱስ ቤት።

ደብዳቤ ሲጻፍ የጤና ነገር እንደሚቀድም አውቃለሁ። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልህ ብዕሩን ባነሣሁ ቁጥር እጄ እንቢ ይለኛል። እማዬና አባባ በሕይወት አሉ። ላሟ ወልዳለች። እንገሩ ሲቀርብ እማዬ ያንተን ድርሻ ለብቻ አስቀመጠች፤ እስኪበላሽ ድረስ ማንም አልነካውም።

ይህን የምጽፍልህ እነሱ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ነው። የጨው ነጋዴው ጋሽ ከሊፋ ነገ ጠዋት በቅሎዎቻቸውን ይዘው ወደ ሞጣ ይመለሳሉ። ለአክስታችን በእጇ እንዲሰጡልኝ ለምኛቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። «አደርሰዋለሁ፣ ልጄ» አሉኝ።

ወሬው ደርሶህ እንደሆነ እንጃ። የግብር ገማቾቹን ድንኳን አቃጥለዋል ተብለው የታሰሩት መምህሬ፣ አካለ ወልድ ናቸው። ውስጥ ተኝቶ የነበረው ዘበኛ ወልደ ሰንበት ሞቷል። ስለዚህ ክሱ የቃጠሎ ብቻ አይደለም፣ የነፍስ ነው። ይሰቀላሉ ይባላል።

እንዴት እንደተያዙ ልንገርህ። አንተ በሄድክ ማግስት አውጫጭኝ ተጠራ። የአጥቢያው ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም ቤቱ እንዳይገባ ተባለ። የእርሻ ጊዜ ነው፤ በሬዎቹ ያለ ሥራ ቆሙ፣ ዝናቡም በሰዎቹ ላይ ወረደ። በመጨረሻ ወፉ ተናገረ። ወፍ የሚሉት ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ያወቀውን የሚናገረው በሽማግሌዎቹ ጆሮ ብቻ ነው። የተናገረውም የመምህሬን ስም ነው። ሜዳው ሁሉ እፎይ ብሎ ተነሣ።

አባባ ሲገቡ እግራቸውን እያጠብኩ «አባባ፣ እሳቸው እኮ ያን ጊዜ እኛን ያስተምሩ ነበር» አልኋቸው።

«እናውቃለን» አሉ።

«ታዲያ ለምን?»

«የመንግሥት ሰው ነዋ። ደመወዙን የሚቆርጥለት መንግሥት፣ የሚያስተምረውም መንግሥትን። የገዛ ሰውን ምን ያደርገዋል? ቢቆጣው ቢቆጣው ወደ ሌላ አገር ያዛውረዋል። የኛን ልጅ ቢይዙ ግን…» ብለው ተዉት። እግራቸውንም ታጥቦ ሳያልቅ ከውሃው አወጡ።

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ያሰቡት ይህንኑ ነው። የአገሩ ልጅ ከሚጠፋ፣ መንግሥት የማይነካውን ሰው እንስጠው አሉ። መምህሬን የሚጠላ አንድም ሰው አልነበረም። መንግሥት ግን የገዛ ሰዌ ከዳኝ ብሎ የባሰ ጨከነ። ዐቃቤ ሕጉ ችሎት ቆሞ «ሕግ በምክር ቤት ይወጣል፣ በምክር ቤት ይሻራል ብሎ ልጆቹን ያስተማረ እሱ ነው፤ አባቶቻቸውን ለአመፅ ያነሣሣም እሱ ነው» አለ። አባባ ይህን ከሰሙ ወዲህ እህል በቅጡ አይበሉም።

ድንኳኑ በተቃጠለበት ቀን ከሰዓት በኋላ ግብረ ገብ ነበረን። መምህሬ ሕግ እንዴት እንደሚወጣ ሊያሳዩን ክፍሉን ለሁለት ከፈሉት። ግማሹ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት፣ ግማሹ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሆነ። ስለ ግጦሽ መሬት ሕግ አውጡ ተባልን። ያ ቀልደኛው ገብረ ክርስቶስ ተነሥቶ «መምህር፣ ጥሩአየሁን መወሰኛው ያስገቧት፤ አፏን ሳትከፍት ትወስናለች» አለ። ሁሉም ሳቀብኝ። እኔ ጠረጴዛዬን አየሁ። ክርክሩ ገና ሳያልቅ በመስኮቱ ጢስ ታየ። ልጆቹ ተንጋግተው ሲነሡ መምህሬ «ምክር ቤቱ አልተበተነም፤ ተቀመጡ» አሉ። ተቀመጥን። ድንኳኑ ሲነድ የት እንደነበሩ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል።

ተማሪዎቼ ይመስክሩልኝ ብለው ለዳኛው አመለከቱ። የልጆቹ አባቶች ግን አስቀድመው አስጠንቅቀዋቸው ነበር። አንዱ «ትዝ አይለኝም» አለ፣ ሌላው «ቀኑን አላውቅም» አለ። ገብረ ክርስቶስ እንኳ «ያን ቀን አሞኝ ቀርቼ ነበር» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። መምህሬ የሁላቸውንም ስም ሲያስጠሩ የእኔን ብቻ ተዉት። መናገር አትችልም ብለው ነው ብዬ አፈርኩ። እንደዚያ አልነበረም።

ያልነገርኩህ ነገር አለ። አባቶቻችን ሜዳው ላይ ሳሉ ትምህርት ነበረን፤ የዚያን ቀን ትምህርት ስለ ወንጀልና ስለ ቅጣት ነበር። እኔ ክፍል ውስጥ ጠይቄ አላውቅም። ያን ቀን ግን እጄን አነሣሁና «ሰው መኖሩን ሳያውቅ ያቃጠለስ?» አልኩ። ያቃጠለ ያልኩት ሳላስበው ነው። መምህሬ ብዙ አዩኝና «አውቆ የገደለና ሳያውቅ የገደለ በሕግ ፊት እኩል አይደሉም። ግን አለማወቁን ራሱ ቀርቦ መናገር አለበት» ብለው ወደ ሰሌዳው ዞሩ። አውቀዋል፣ ወንድምዓለም። ያን ጊዜ ነው ያወቁት። እስከ ዛሬም አፋቸውን አልከፈቱም።

እዚህ ዘመድ ስለሌላቸው ወህኒ ቤት ስንቅ የማደርስላቸው እኔ ነኝ። እማዬ አገልግሉን ሞልታ ታስቀምጣለች፤ ለማን እንደሆነ አትናገርም፣ እኔም አልጠይቃትም። የወህኒው ዘበኛ እንጀራውን በጣቱ እየፈተሸ «መምህር፣ ይምጡ፤ ምክር ቤቱ ለምሳ ተሰብስቧል» ይላል። እሳቸውም አብረውት ይሥቃሉ። በጣም ከስተዋል።

ባለፈው «የኔን ስም ለምን አላስጠሩም?» አልኋቸው።

«ዳኛ አንድ ነገር ጠይቆ አይበቃውም፣ ጥሩአየሁ። ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል።»

«ቢጠይቁኝስ ምን ልበል?»

«ምስክር የሚያውቀውን ይናገራል። ሌላ አላስተማርኩሽም፤ ስለዚህ አልጠራሁሽም» አሉኝና አገልግሉን መለሱልኝ። ከእንጀራው የቀመሱት ጥቂት ነው።

ከዚያ ወጥቼ ቀጥታ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው «ምን አልሽ? አይሰማም፣ ጮክ በይ» አለኝ። ጮክ አልኩ። ግቢው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዓርብ ቀርቤ እንድመሰክር ተቀጠርኩ። አባባ ሲሰሙ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ሁለት ልጅ ነበረኝ» ብለው ወጡ።

ወንድምዓለም፣ ድንኳኑ የተቃጠለ ቀን አመሻሽ ላይ ከበረቱ ጀርባ ጋዝ ጋዝ እየሸተትክ፣ የክንድህ ጠጉር ተለብልቦ አገኘሁህ። «ባዶ ነው ብለውኝ ነበር፣ ጥሩዬ። ሰው የለበትም ብለውኝ ነበር» አልከኝ። ያንን ቃል የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። አምንሃለሁ። አንተ ሳትቀርብ ብናገረው ግን የእህት ቃል ነው ብለው ይተዉታል፤ ስምህ ብቻ ይቀራል።

ዓርብ መምህሬ ክፍል ውስጥ ነበሩ እላለሁ። ዳኛው ታዲያ ማን ነው ካሉኝ አልዋሽም። ልዋሽ ሞክሬ ነበር፤ ወንዝ ወርጄ ብቻዬን «አላውቅም» እያልኩ ተለማመድኩ። አልሆነልኝም። ቀድመህ ከመጣህ የምመሰክረው ላንተ ነው፤ ካልመጣህ በአንተ ላይ ይሆናል።

ይምሩሃል ብዬ አልሸነግልህም። መምህሬ ያስተማሩን ሕግና ዐቃቤ ሕጉ የሚናገረው ሕግ አንድ ይሁኑ ሁለት ለይቼ አላውቅም። ይህን ወረቀት ቀድጄ፣ አባይን ተሻገር፣ ሽሽ ብዬ ልጽፍልህ ተነሥቼ ነበር። ከዚያ የመምህሬ ከንፈር መድረቁ ታየኝ። እሳቸውም የአንዲት እናት ልጅ ናቸው፤ እናታቸው ከደጀን ወዲያ፣ ከአባይ ማዶ አሉ። መታሰራቸውን እንኳ የነገራቸው የለም።

ምን እንደምትወስን አላውቅም። የትም ብትሆን እመብርሃን ከፊትህ ትቅደም፤ ወንዙ ሞልቶ እንዳያገኝህ፣ ክፉ ሰው መንገድ ላይ እንዳይቆምብህ። ለአክስታችን እጅ ነሥታለች በልልኝ።

እህትህ
ጥሩአየሁ ገብረ ኪዳን

ከመጣህ በቤት በኩል አትለፍ። ቀጥ ብለህ ወደ ፍርድ ቤቱ ሂድ። እቤት ከገባህ እማዬ አትለቅህም፤ እኔም ያኔ በሩን ዘግቼ የምቆም ይመስለኛል።