ስልሳ ሁለት እርምጃ ሐዲድ

ለተከበሩ የሰፈራችን የግንባታ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጅማ

ክቡር ሆይ፣

እርስዎም ባልደረቦችዎም እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናችሁ የተሟላ፣ ወንበራችሁ የማይነቃነቅ፣ መዝገባችሁም አይጥ የማይደርስበት ይሁን። እኔ የሟች ሮሆቦት ከፈለ እናት ወርቂቱ ኩመራ ነኝ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለሆነ ይህን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። የእናንተ ደብዳቤ አንድ ዓመት ከአራት ወር ስለፈጀ ግን በዚህ እንደማንተዛዘብ ተስፋ አደርጋለሁ።

ደብዳቤያችሁ የደረሰኝ የልጄ አርባ በወጣ ማግስት ነው። «በግቢዎ ያለ ፈቃድ የተዘረጋው የባቡር መሠረተ ልማት በሰባት ቀን ውስጥ እንዲነሣ» ይላል። ባቡር በማታውቅ ከተማ የልጄን ሥራ መሠረተ ልማት ብሎ የጠራላት የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎትና አመሰግናለሁ። እኔ እናቷ «የእብድ ሥራ» ነበር የምለው።

ሮሆቦት በርና መስኮት በያጅ ነበረች። ከጅማው መርካቶ በለቀመችው ቁርጥራጭ ብረት ሐዲዱን፣ ከደዶ ባስመጣችው ባሕር ዛፍ ከሐዲዱ ሥር የሚጋደመውን እንጨት ሠርታ፣ በአቮካዶው ዛፍ ዙሪያ ስልሳ ሁለት እርምጃ መስመር ዘረጋች። በባጃጅ ባትሪ የምትሄደው ባቡሯ ከጉልበት አትበልጥም፤ ሁለት ሰው እንደ በቅሎ ተፈናጦ ይቀመጥባታል። ከግቢው በር ተነሥታ በውኃ ቧንቧው በኩል አልፋ ማድ ቤቱ ደጅ ትቆማለች። «እማ፣ በዚያ ጉልበትሽ ጀሪካን ከምትሸከሚ ተሳፈሪ እንጂ» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ «በዚህ ዕድሜዬ መጫወቻ ላይ ተቀምጬ ሰፈር ይሳቅብኝ?» እላት ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልተሳፈርኩም።

አቤቱታዬም የሚከተለው ነው።

1ኛ. ስለ ሐዲዱ ጥቆማ በደረሳችሁ በወሩ ተቆጣጣሪያችሁ አቶ ፈለቀ መጥተው ለኩ፤ ልጄን «መቼም ጎረቤት ነው የጠቆመሽ» ብለዋት ሄዱ፤ አልተመለሱም። ማን እንደ ጠቆመ ሳያውቁ ይህን ያህል እርግጠኛ መሆናቸውን አደንቃለሁ።

2ኛ. በዚያች ቃል ምክንያት ልጄ ጎረቤታችንን አቶ ሳዲቅን ጠረጠረች፤ የብየዳው ድምፅ ቢሰለቸው ነው አለች። ባቡሯ ላይ ስትወጣ ትንሿን ልጁን አፊፋን ሁልጊዜ ከፊቷ ነበር የምታስቀምጣት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአጥራችን መካከል ያለችውን በር በሰንሰለት ቆለፈች። አፊፋ ከወዲያ ማዶ «ሮሆ፣ ዛሬም ባቡር የለም?» ስትል፣ ልጄ «ተበላሽቷል» ትላታለች። እኔ ማድ ቤት ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ፤ ሽንኩርቴን እከትፋለሁ። እንዲህ እንዳለን ዓመት አለፈ። ከዚያ ሮሆቦት ታመመች፤ ሦስት ሳምንት አልቆየችም። አቶ ሳዲቅን ሳታናግረው ሄደች። ድንኳኑን የተከለልኝ ግን እሱ ነው። «ሶብር አድርጊ እህቴ ወርቂቱ» ሲለኝ ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

የጠቆምኩት እኔ ነኝና።

የጠቋሚን ስም በምስጢር እንደምትይዙ ቅጻችሁ ላይ ተጽፏል፤ እውነትም ያዛችሁልኝ። በቢሯችሁ ያልጠፋ ነገር ይኸው የእኔ ምስጢር ብቻ ነው። ልጄን ሊያጩ የመጡ ሽማግሌዎች ሐዲዱን አይተው እየሳቁ ወጡ፤ እኔም አፈርኩ። አፍርሺው ብላት ትቀየመኛለች ብዬ፣ እኔ ክፉ ሳልሆን መንግሥት ክፉ ይሁንልኝ ብዬ ወደ እናንተ መጣሁ። ክፋቱን ግን ሁለታችንም አልተሸከምነውም፤ ያሸከምነው አቶ ሳዲቅን ነው።

3ኛ. ባለፈው ሰኞ ጥቆማዬን ላነሣ ብመጣ፣ ሠራተኛችሁ «ጥቆማ አይሰረዝም፤ ባለንብረቷ ራሷ ቀርባ ታመልክት» አለኝ። ሞታለች አልኩት። «እንግዲያው ከእሷ ውክልና አምጪ» አለኝ። ስለ ምክሩ አመሰግናለሁ። እኔ የምሄድባት ቀን እስክትደርስ ድረስ ግን ውክልናውን ማምጣት ስለማልችል ቀጠሮው እንዲራዘምልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያየው በግቢዬ በር ላይም ከመለጠፌ በፊት ትናንት ለአቶ ሳዲቅ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ጫማውን አድርጎ ወጣ። ሰንሰለቱን ፈትቻለሁ። እስከ አሁን በዚያች በር የገባ የለም።

የሰጣችሁኝ ሰባተኛ ቀን ሐሙስ ነው። ስትመጡ ባቡሯ ላይ ተቀምጬ ታገኙኛላችሁ። እንዴት እንደምትነሣ አላውቅም፤ ልጄ ልታሳየኝ ስትል አልፈለግኩም ነበር።

ለጽሕፈት ቤታችሁ ካለኝ የማይለካ አክብሮት ጋር፣
ታማኝ ጠቋሚያችሁ
ወርቂቱ ኩመራ

ማስታወሻ፦ የጥቆማ ቅጻችሁ ላይ «ጠቋሚው ከተጠቋሚው ጋር ያለው ዝምድና» የሚል መስመር አለ። ባዶውን ትቼው ነበር፤ እናንተም ሳትጠይቁኝ ማኅተም አደረጋችሁበት። እባካችሁ አሁን ሙሉልኝ፦ እናት።