ልብስ ሰፊው ሦስቴ የሰፋው ማልያ

ይድረስ ለልጄ፣ ለዚያ ቀውላላ። እግርህን እንቅፋት አይንካው፣ በሰው አገር መውደድን ይስጥህ። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቅ፤ አራተኛ ክፍል ድረስ የተማረ እጅ ይኸው ነው። እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴም ሰሞኑን መዝለል ጀምሯል።

የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ዋንጫ አነሣ! ከሃያ ስድስት ዓመት ሽንፈት በኋላ፣ ያውም በአንድ ነጥብ። ከተማው አብዷል። እኔ ግን ሳልጨፍር አባትህ ቡድኑን ሲደግፍ ይለብሰው የነበረውን አሮጌ ማልያ ይዤ ወደ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ሄድኩ። በአባትህ ለቅሶ ላይ «የገደለው ያ ተሸናፊ ቡድን ነው» ብሎ የሳቀውን ሰውዬ መቼም አትረሳውም።

«ጋሼ፣ ጀርባው ላይ ‹ሻምፒዮን› ብለው ይስፉልኝ» አልኩት።

«መኪናው ተበላሽቷል።»

«እጅዎ መች ተበላሸ?» ብዬ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

ሰፋው። «ጠማማ ነው፣ ይፍቱት» አልኩት። ደግሞ ሰፋው። «ፊደሉ ቀጠነ፣ ይፍቱት።» በሦስተኛው ላቡ ጠብ ጠብ እያለ «አንቺ ሴትዮ፣ ምን አድርጌሽ ነው?» አለኝ።

«በባሌ ለቅሶ ላይ ስቀው ነዋ።»

አቀረቀረ። ይቅርታ ሊለኝ አፉን ሲከፍት «ይስፉ እንጂ ጋሼ፣ መሸብኝ!» አልኩት። ክፉ ነሽ በለኝ፤ አንጀቴ ግን ቅቤ ጠጣ።

ማልያውን ልኬልሃለሁ። ቢያጥርህም ልበሰውና ጀርባህን ሰጥተህ ፎቶ ተነሣልኝ። በትልቁ አሳጥቤ፣ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ፊት ለፊት ባለው መስኮቴ ላይ እለጥፈዋለሁ። ዕድሜህ ከሰውዬው ክር ይርዘም፣ የኔ ጌታ።

እናትህ