ሰባት ቀሚስ፣ አንድ ፕላስተር

ጆሃንስበርግ፣ ሰኔ 2012 ዓ.ም.

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን አለሽ የእናቴ ልጅ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ይሄ በሽታ እናንተ ቤት ደጅ አልደረሰም? የምትሠሪላቸው ሰዎች ማስክ ይሰጡሻል? እኔ «ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ዛሬ ግን ለመዋሸት አቅም የለኝም። በስልክ ልንገርሽ ብል ለቅሶው ይቀድመኛል። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩና ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ላኩልሽ።

የትንሣኤ ሰሞን የላክሽውን ፎቶ ታስታውሻለሽ? ቢጫ ቀሚስ ለብሰሽ አሸዋው ላይ ተቀምጠሻል፣ ከኋላሽ ባሕሩ። «ዛሬ ላርናካ ባሕር ዳር ስንዝናና ዋልን» ብለሽ ጽፈሻል። ያኔ ሶዌቶ ያለችው ሱቄ ከተዘጋች ሦስት ሳምንቷ ነው። ሎክዳውን ነው፣ መንገዱን ወታደር ሞልቶታል። ደሜ ፈላ! ምን እንዳልኩሽ መቼም አትረሺውም። ቱሪስት አልኩሽ። ሰው እየሞተ አንቺ ፀሐይ ትሞቂያለሽ፣ ሁለተኛ ፎቶ እንዳትልኪብኝ አልኩሽ። አንቺም እሺም እንቢም ሳትዪ ጠፋሽ። ይኸው ሁለት ወርሽ።

ከሳምንት በኋላ ስልኬ ላይ ዜና ሳነብ የእናንተም ደሴት ተዘግቷል፣ ባሕር ዳር የተገኘ ሰው ይቀጣል ይላል። ክው አልኩ። ታዲያ አሸዋው ላይ መቼ ነው የተቀመጥሽው? በዓመት ተኩል ውስጥ ለእማዬና ለእኔ የላክሻቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። ምሽጉ ፊት ለፊት፣ የአልዓዛር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ዘንባባው ሥር፣ ጀልባዎቹ አጠገብ፣ የቀሩት አሸዋው ላይ። ሰባት ፎቶ፣ ሰባት ቀሚስ። ቀኝ አውራ ጣትሽ ላይ ግን በሰባቱም ነጭ ፕላስተር አለ፣ ጫፉ እንኳ በሰባቱም አንድ ዓይነት ተገልብጧል። ምን ዓይነት ቁስል ነው ዓመት ተኩል ሙሉ ፕላስተሩ የማይቀየርለት?

እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ ይባል የለ? ቶሎ የገባኝ እኔም ያው ስለሆንኩ ነው። እማዬ «የልጄ ሱቅ» እያለች ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ በፎቶ የምታሳየው የእኔ ሱቅ አይደለም። ፎርድስበርግ ያለው የሙርሺዳ መጋዘን ነው፣ ዕቃ በጅምላ የምትሰጠኝ የሙርሺዳ። በአንድ ቀን ሦስት ሹራብ እየቀያየርኩ ተነሳሁ። ከሩዙ ጆንያ ጀርባ እየገባሁ ስለብስ ሙርሺዳ በሳቅ ሞተች፤ ወደ ዘይቱ ጠጋ በይ፣ ሀብታም ምሰዪ እንጂ እያለች ታነሳኛለች። የእኔዋ ሱቅ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ደግሞ ተዘጋች ብዬሽ አልነበር? ተዘርፋ ነው። ፍሪጁን ሳይቀር ወሰዱት። አሁን ሙርሺዳ ጥግ ሰጥታኝ ማስክ እሰፋለሁ።

ባለፈው እሑድ የሁለታችንንም ጉድ ልናዘዝ ሆሳዕና ከተማ እማዬ ጋ ደወልኩ። «እማዬ፣ የባሕሩ ፎቶ እኮ...» ከማለቴ አቋረጠችኝ። ባሕሩንም ጆንያውንም አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። በመዳፏ ሸፍናቸው ፊታችንን ብቻ ነው የምታየው። ሰው በዓመት ተኩል ወይ ይከሳል ወይ ይወፍራል፣ እናንተ ግን ሁሌም ያው ናችሁ አለችኝ። «ዝም ያልኩት እንዳታፍሩ ብዬ ነው፣ አሁን ግን የትንሿ ዝምታ እንቅልፍ ነሳኝ፣ አንቺ ነሽ ያስቀየምሻት አንቺው ፈልጊያት» አለችኝ። አፈርኩ እህቴ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰባቱን ቀሚስ ማን እንዳዋሰሽ አልጠይቅሽም። ፕላስተሩ ሥር ምን እንዳለም አልጠይቅሽም፣ እስክትነግሪኝ እጠብቃለሁ። ሰባቱንም ፎቶ የተነሳሽባት ያቺ ቀን ከዚያ ቤት የወጣሽባት ብቸኛዋ ቀን ናት ወይ ብዬ ለመጠየቅም አፌ አልታዘዝ አለኝ። እኔ ግን ቱሪስት አልኩሽ! ይቅር በይኝ። በእማዬ ጡት ይዤሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ፎቶ ልኬያለሁ። ሱቄ ናት፣ በሯ የተገነጠለ፣ መደርደሪያዋ ባዶ። መሃሏ የቆምኩት እኔ ነኝ። አንቺም ባሕሩ ይቅርና የምትተኚበትን ክፍል አንስተሽ ላኪልኝ። እሱ ከከበደሽ አውራ ጣትሽን ብቻ ላኪልኝ፣ ድኖ እንደሆነ ልየው።

ጌታ በዚያ ቤት የሚራራልሽ ሰው ያስነሳልሽ። በሩንም እሱ ይክፈትልሽ። በሰላም ወጥተሽ ለእማዬ ዓይን ያብቃሽ፤ ከስተሽም ቢሆን፣ ወፍረሽም ቢሆን።

ሹራቧን ያልቀየረችው
ታላቅ እህትሽ