ቅዳሜ ቤት መዋል

ኮልፌ፣ ቅዳሜ ኅዳር 9 ቀን 1965 ዓ.ም.

የስፌት ቤታችን ባለቤት ሐጂ፣ ደመወዛችን ሳይነካ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ እንድናርፍ ፈቀዱልን።

ዛሬ ጠዋት በራፌ ላይ ፀሐይ ስሞቅ ያዩኝ ጎረቤቴ እማማ ዘነበች፣ የተባረርኩ መስሏቸው ዳቦ ይዘው መጡ።

«አይዞህ ልጄ፣ ሌላ ሥራ አይጠፋም።»

እረፍት ነው ብላቸው፣ «እየከፈለ ቤትህ ተቀመጥ የሚል ማን አለ?» ብለው እንባቸውን ጠረጉ። ሳቅኩ።

ከሄዱ በኋላ ግን ግራ ገባኝ። የስድስት ቀኑን ስፌት ትናንት ዓርብ ጨርሰነዋል። ሐጂም አይተው፣ «ማሻላህ! እንዲህ ከሆነማ...» ብለው ሳይጨርሱት ወጡ። እንዲህ ከሆነ ምን? በአምስት ቀን ያለቀ ሥራ በአምስት ሰውስ አያልቅም? እኛ ስድስት ነን፤ መጨረሻ የተቀጠርኩት ደግሞ እኔ።

ዳቦውን ልመልስላቸው ወይስ ላቆየው?